ስለ ባሮ ወንዝ ጠብ ሳይነሣ ውል ይጻፍ

በጋምቤላ ከተማ የሚነግድ ሰው ከሸሪኮቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሸሪክ አለው፤ እርሱም የባሮ ወንዝ ነው። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ መንገድ ይቈረጣል፤ መጋዘን ይርሳል፤ ከብትም ወደ ደረቅ መሬት ይሸሻል። በበጋ ሲጐድል ደግሞ የወንዙ ዳር እርሻ ይለማል፤ ዓሣውም በገበያ ይበዛል። ይህ ሸሪክ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ከኢሉባቦርና ከሸካ ደጋ ወርዶ የጋምቤላን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ከፒቦር ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ሶባት የሚል ስም ይዞ በደቡብ ሱዳን ምድር ይሄዳል፤ በማላካል ከተማ አጠገብም ከነጭ አባይ ይቀላቀላል። አስዋን ከሚደርሰው የአባይ ውኃ ከመቶው 14 እጅ ያህሉ በዚሁ በሶባት በኩል የሚመጣ ነው።

ስለ አባይ ውኃ በአዲስ አበባም ሆነ በካይሮ ብዙ ተጽፏል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም ወሬው አልቀዘቀዘም። ስለ ባሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በባሮ ላይ እስከ ዛሬ ከጎረቤት ጋር የከረረ ክርክር አልተነሣም። እኛም ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ስለዚሁ ነው። ውል የሚጻፈው ሸሪኮች ተስማምተው በሚኖሩበት ጊዜ መሆኑን ነጋዴ ሳይነገረው ያውቃል፤ መንግሥታት ግን አብዛኛውን ጊዜ ውልን የሚያስቡት ከተካሰሱ በኋላ ነው።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ጋምቤላ ራሷ የውኃ ውል ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ባደረጉት ውል፣ በሦስተኛው አንቀጽ፣ በጥቁር አባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃው ወደ አባይ እንዳይፈስ የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ ቃል ገብተዋል። በዚያው ውል በአራተኛው አንቀጽ ደግሞ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል በግልጽ ተከልክሎ ነበር። ጣቢያው የተቋቋመው በጋምቤላ ነው። ከጎሬና ከሳዮ፣ ማለትም ከደምቢ ዶሎ፣ የሚወርደው ቡና በበቅሎና በሸክም እየመጣ፣ ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር፤ በመልሱም ጨውና ጨርቅ ይገባ ነበር። ወራቱ ሲያልፍ መርከቡ አይመጣም፤ ያልተጫነ ቡና እስከ ሚቀጥለው ክረምት መጋዘን ይጠብቃል። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

የሕግ ሊቃውንት እነዚህን ሁለት አንቀጾች ለየብቻ ሲመረምሩ ኖረዋል። በሦስተኛው ላይ ሲከራከሩም የእኛዎቹ ቃሉ ማቆምን እንጂ መጠቀምን እንዳልከለከለ ያስረዳሉ፤ ክርክራቸውም መልካም ነው። ለነጋዴ ግን ሁለቱ አንቀጾች አንድ ናቸው። ውኃውን የሚመለከተው ቃልና ገበያውን የከፈተው ፈቃድ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የተጻፉት በአጋጣሚ አይደለም። በዚህ አገር ወንዝና ንግድ ተለያይተው አያውቁም።

ዛሬ መርከቡ የለም፤ ንግዱ ግን አልሞተም። በፓጋክ በርና በወንዞቹ ዳር ባሉት መንደሮች ሸቀጥና ከብት ይተላለፋል። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2015 ዓ.ም. ከፓጋክ በማይዉት በኩል እስከ ፓሎች ለሚዘረጋው 220 ኪሎ ሜትር መንገድ ለደቡብ ሱዳን የሚሰጠውን ብድር አጽድቋል። ይህ መንገድ ሲፈጸም የምዕራቡ ንግድ መልክ እንደሚለወጥ አያጠራጥርም። ነገር ግን መንገዱ የሚያልፈው በረግረግና በጎርፍ ሜዳ ላይ ነው። አፈር ተቈልሎ የሚሠራ መንገድ በቂ የውኃ መተላለፊያ ካልተከፈተለት በራሱ ግድብ ይሆናል፤ የተገደበው ውኃም በአንዱ ወገን መንደር ሲያሰጥም በሌላው ወገን የግጦሽ ሜዳ ያደርቃል። እንግዲህ እኛ ነጋዴዎች በጉጉት የምንጠብቀው ሥራ ራሱ የክርክር መነሻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሌላውም ብዙ ነው። በደጋው ያለው ደን ሲመነጠር አፈሩ ወደ ባሮ ይወርዳል፤ ያዩ በ2002፣ ሸካም በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብለው መመዝገባቸው ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለወንዙም ይጠቅማል። በዲማ ወረዳ በአኮቦ ወንዝ አካባቢ ወርቅ ይቈፈራል፤ አኮቦ ደግሞ ራሱ የሁለቱ አገሮች ወሰን ነው። ወርቁን ከአፈር ለመለየት ሜርኩሪ የሚጠቀም ሰው ቢገኝ መርዙ ኬላ ላይ ቆሞ ፓስፖርት አያሳይም፤ ዓሣውም እንደዚሁ። በባሮ ዳር ሰፊ መሬት የተሰጠው የካሩቱሪ የእርሻ ኩባንያ አዝመራ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ በጎርፍ መጥፋቱ የሚታወስ ነው፤ የኩባንያው ውል በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ወንዙን በአፈር ግንብ ለመከልከል የሚሞክር እርሻ ለራሱ ቢሳካለት እንኳ ውኃው ወደ ማዶው ዳር መገፋቱ አይቀርም። በላይኛው ባሮም ባሮ 1፣ ባሮ 2 እና ገንጂ የሚባሉ የመብራት ኀይል ግድቦች በ1998 ዓ.ም. ተጠንተዋል። ይህ ሁሉ ከእኛ በኩል ያለው ነው። ከወዲያኛው በኩል ደግሞ እምቦጭ አለ፤ በነጭ አባይ ላይ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የታየው ይህ አረም በሶባት፣ በፒቦርና በባሮም ተገኝቷል። ማን ለማን እንዳስተላለፈው መመርመር አይጠቅምም፤ አንዱ ወገን ብቻውን ቢያጸዳ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

እንግዲህ ዓለም አቀፍ ሕግ ስለዚህ ነገር ምን ይላል?

በካናዳ ትሬይል በምትባል ከተማ የሚገኝ የማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ ጢሱ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት አዝመራና ደን አበላሸ። ሁለቱ መንግሥታት ያቋቋሙት የሽምግልና ጉባኤ በ1933 ዓ.ም. በሰጠው የመጨረሻ ፍርድ፣ ጉዳቱ ከባድና በግልጽ ማስረጃ የተረጋገጠ እስከ ሆነ ድረስ ማንም መንግሥት ግዛቱን ጎረቤቱን በሚጐዳ መንገድ ሊጠቀምበት ወይም ሌላው እንዲጠቀምበት ሊፈቅድ እንደማይገባ ወሰነ። ዛሬ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ጉዳት የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ ፍርድ ይነሣል።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። ፈረንሳይ ከላኑ ሐይቅ የሚወጣውን ውኃ ለመብራት ኀይል ልታዞርና ያንኑ ያህል ውኃ ለእስፓኝ ልትመልስ አሰበች። እስፓኝ ያለ እኔ ፈቃድ አይሆንም አለች። በኅዳር 1950 ዓ.ም. የተሰጠው የሽምግልና ፍርድ ሁለቱንም ወገን የሚያስተምር ነው። የታችኛው አገር የላይኛውን ሥራ በእምቢታ ለማገድ መብት የለውም፤ የላይኛውም አገር ጎረቤቱን ሳያማክር፣ ጥቅሙንም በቅን ልቡና ሳይመለከት ሊሠራ አይገባም። ኢትዮጵያ ስለ ጥቁር አባይ ለዓመታት ስትናገር የኖረችው የዚህን ፍርድ የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ ልክም ናት። በእኛ አስተያየት ግን የፍርዱን ሁለተኛ ግማሽ በባሮ ላይ ማንም ሳያስገድዳት በገዛ ፈቃዷ ብትፈጽመው፣ የመጀመሪያው ግማሽ በካይሮ ፊት ይበልጥ ይጸናላታል። ሁለት ሚዛን የያዘ ነጋዴ በገበያ ውስጥ የሚሰጠው ስም ይታወቃል።

ሦስተኛውን ነገር ማንኛውም ላኪና አስመጪ ሊያጠናው ይገባል። አርጀንቲናና ኡራጓይ በሚዋሰኑበት በኡራጓይ ወንዝ ላይ በ1967 ዓ.ም. ውል አድርገው የጋራ የወንዝ ኮሚሽን አቁመው ነበር። ሆኖም ኡራጓይ ለወረቀት ሥራ የሚሆን የእንጨት ፐልፕ ፋብሪካ በወንዙ ዳር እንዲሠራ ስትፈቅድ አስቀድማ ለኮሚሽኑ አላስታወቀችም። በማዶ ያለችው የጓሌጓይቹ ከተማ ሕዝብ ተቈጥቶ ወጣና ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘውን ድልድይ ዘጋ። ከኅዳር 1999 እስከ ሰኔ 2002 ዓ.ም. ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ ድልድዩ ተዘግቶ ቆየ። ኡራጓይ መንገዱ እንዲከፈት ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ብታመለክትም ፍርድ ቤቱ በጥር 1999 ዓ.ም. ጊዜያዊ ትእዛዝ ለመስጠት አልተቀበለም። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. የመጨረሻው ፍርድ ሲነገር፣ ኡራጓይ የማስታወቅ ግዴታዋን እንዳፈረሰች፣ ፋብሪካው ግን ወንዙን ስለ መበከሉ በቂ ማስረጃ እንዳልቀረበ ተወሰነ። በጎረቤት ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ማድረግ የሁሉም መንግሥታት ግዴታ መሆኑንም ፍርድ ቤቱ በዚሁ አጋጣሚ ገለጸ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስላ። ፋብሪካው ሥራውን ቀጠለ፤ መንግሥታቱም ኋላ ታርቀው ወንዙን በጋራ የሚመረምር የሊቃውንት ኮሚቴ አቋቋሙ። በድልድዩ መዘጋት ሦስት ዓመት ሙሉ የከሰረው ግን ጭነት አመላላሹ፣ ባለሱቁና ባለሆቴሉ ነው። የተዘጋውም ወንዙ በመበከሉ አልነበረም፤ አንድ ደብዳቤ በጊዜው ባለመጻፉ ነበር። የፓጋክ በር አንድ ቀን በውኃ ምክንያት ቢዘጋ ኪሳራው በማን ደጃፍ እንደሚያርፍ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ነጋዴው በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በራሱ ስም ሊቆም እንደማይችልም ይወቅ። በዘ ሄግ የሚካሰሱት መንግሥታት ብቻ ናቸው፤ ያውም ሁለቱም ወገን የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ሲቀበሉ ነው። የግለሰብ ጉዳት የሚሰማው መንግሥቱ ጉዳዩን የራሱ አድርጎ ሲይዝለት ነው። መንግሥት ጉዳዩን ይያዝልን ካልን ደግሞ በእጁ የምንሰጠው ወረቀት ሊኖረን ይገባል። የወረቀቱን ጥቅም ኮስታሪካ በሚገባ ተምራለች። ኒካራጓ በሳን ሁዋን ወንዝ አፍ አጠገብ በኮስታሪካ ምድር ቦይ ቈፍራ ዛፍ በመቊረጧ ተከሳ ተረታች። ካሣው በጥር 2010 ዓ.ም. ሲቈረጥ ኮስታሪካ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠይቃ የተፈረደላት 378,890 ዶላር ከ59 ሳንቲም ነው። ከዚህም ውስጥ ስለ ተጐዳው ተፈጥሮ ራሱ የተሰጣት 120,000 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ በእጥፍ የሚጠጋው ገንዘብ የተከፈላት ለወጪዎቿ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ግን ክርክሩ ባይኖርም ይከፈል ነበር ተብሎ ውድቅ ሆነባት። ፍርድ ቤት ከወንዝ ይልቅ ደረሰኝን በቀላሉ ያነባል።

በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን መካከል የሚሠራ ሕግ የለም እንዳይባል፣ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት አለ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. በኢንቴቤ ለፊርማ ቀርቦ ኢትዮጵያ በዚያው ቀን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ሆነች፤ በ2005 ዓ.ም. አጸደቀችው። ደቡብ ሱዳን በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ስታጸድቀው የሚፈለገው ቊጥር ሞልቶ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ስለ ፍትሓዊ አጠቃቀም፣ ጎልቶ የሚታይ ጉዳትን ስለ መከላከል፣ ስለ ታሰቡ ሥራዎች መረጃ ስለ መለዋወጥና ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ይናገራል። እንግዲህ ሁለቱም የባሮ ባለቤቶች በአንድ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው፤ ይህም ግብፅና ሱዳን ከውጭ ሆነው ከሚቃወሙበት ከአባይ ክርክር እጅግ የተሻለ ሁኔታ ነው። የጎደለው ሕጉን ከኢንቴቤ ወደ ኢታንግ የሚያወርደው መሣሪያ ነው። በዲማ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ሞቶ ቢገኝ ማን ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት በኩል ያስታውቃል? በላይ ባሮ ከባድ ዝናብ ቢጥል ለታችኛው አገር በስንት ሰዓት ይነገራል? ማዕቀፉ ይህን ሊዘረዝር አይችልም፤ ሊዘረዝርም አልተጻፈም።

ስለዚህ ሁለቱ መንግሥታት ስለ ባሮ፣ ስለ ፒቦርና ስለ አኮቦ ብቻ የሚናገር አጭር ተጨማሪ ውል እንዲያደርጉ የምዕራቡ ነጋዴ በምክር ቤቱ በኩል ሊጠይቅ ይገባል እንላለን። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ግድብ፣ የአፈር ግንብ፣ በጎርፍ ሜዳ ላይ የሚያልፍ መንገድና ትልቅ የመስኖ እርሻ ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዝዝ፤ ውኃው በሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት መለኪያ ተለክቶ ቊጥሩ እንዲለዋወጥ ያድርግ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ክርክር ተነሥቶ በሚመረመርበት ጊዜ የድንበሩ ገበያ እንዳይዘጋ የሚከለክል አንድ አንቀጽ ይኑርበት። ይህን አንቀጽ ዲፕሎማቶች ከራሳቸው አያስቡትም፤ ነጋዴ ካልጠየቀ የሚጠይቅለት የለም። በጋምቤላ በሚቋቋመው የጋራ ጽሕፈት ቤት ውስጥም ለንግድ ምክር ቤትና ለወንዙ ዳር ነዋሪዎች፣ ለአኙዋክም ለኑዌርም፣ መቀመጫ ይሰጥ።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንዳንዶቹ ደቡብ ሱዳን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ስትታመስ ከማን ጋር እንዋዋላለን ይላሉ። በ2017 ዓ.ም. በናሲር የተደረገውን ውጊያ፣ በጋምቤላ የተጠለለውንም ከ300 ሺህ በላይ ስደተኛ ለተመለከተ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሆኖም የማዕቀፉን ስምምነት ያጸደቀው ይኸው መንግሥት በዚሁ መከራ ውስጥ ሳለ ነው። የውኃ መለኪያ ቊጥር ለመለዋወጥ ደግሞ ፍጹም ሰላም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም በዚያው ሜዳ ያለው ሕዝብ በጦርነትም በጎርፍም የሚፈናቀል በመሆኑ ቊጥሩ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ክረምትና በ2015 መባቻ በጋምቤላ ክልል ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በጎርፍ ተፈናቅሎ ነበር።

ሌሎቹ ደግሞ በባሮ ላይ የማስታወቅ ግዴታ ከተቀበልን ይኸው ነገር በጥቁር አባይ ላይ ማሰሪያ ይሆንብናል ብለው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት ካለፈው ታሪክ የመጣ ስለ ሆነ አንንቀውም። በ1921 ዓ.ም. እንግሊዝና ግብፅ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅና ሱዳን ስለ አባይ ሲዋዋሉ ኢትዮጵያን አልጠሯትም፤ በሁለተኛውም ውል 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ብለው ተካፈሉ። እንዲህ የተደረገበት አገር ወረቀት ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ማስታወቅና ማስፈቀድ የተለያዩ ናቸው፤ የላኑ ፍርድ የለየውም ይህንኑ ነው። ጎረቤቱ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ግንብ ሊያቆም መሆኑን ቢነግር ርስቱን አላስረከበም።

ውሉ እስኪጻፍ ድረስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የነጋዴው ሥራ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። በባሮ ዳር መጋዘን ያለው ሁሉ በግድግዳው ላይ የሜትር ምልክት ቀብቶ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ጠዋት ጠዋት የውኃውን ከፍታ ቢጽፍ ወጪው የአንድ ቆርቆሮ ቀለምና የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ዕቃ በጎርፍ የጠፋበት ወይም ጭነቱ በተዘጋ መንገድ የዘገየበት ሰው ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነትና የገዛበትን ዋጋ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር በማኅደር ያስቀምጥ፤ ሁለት ምስክሮችም ያስፈርም። ዓሣ የሚነግዱም የሞተ ዓሣ በብዛት ባዩ ጊዜ ቦታውንና ቀኑን ጽፈው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ፤ የተቀበላቸውንም ሹም ፊርማ ይጠይቁ። ይህ ሁሉ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ከወንዙ ማዶ ላለው የንግድ ሸሪክ ቢላክ፣ እርሱም በበኩሉ የጻፈውን ቢልክልን፣ ሁለቱ መንግሥታት ለውል በሚቀመጡበት ቀን ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ አይጠብቃቸውም።